የተጣለችው መንትያ

እስቲ አረፍ በሉና አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው አስታምማችሁ የምታውቁ ከሆነ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የማታውቁ ከሆነም ፈጣሪ አያሳውቃችሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው አድምጡኝ፣ በኋላ የምለምናችሁ ነገር አለኝ።

አንዲት መድኃኒት ቀማሚ ነበረች። ፋርማሲ ቆማ የምትሸጥ እንዳይመስላችሁ። ገና ያልተፈጠረውን መድኃኒት ለመፍጠር ከጠርሙስና ከዱቄት ጋር ስትታገል የምትውል ናት። የቤቱ ሰው ሁሉ ስሟን ትቶ «ቀማሚዋ» ነው የሚላት። ሦስት ዓመት ሙሉ የያዘችው አንድ ነገር ነበር፤ የካንሰር መድኃኒት።

ሥራውን ለእናቷ ያስረዳቻት በጡብ ነው። ሰውነታችን ሁልጊዜ ግንባታ ላይ ነው አለቻት። ከሚገነባባቸው ጡቦች አንዱ ፑሪን ይባላል። ካንሰር ማለት ደግሞ ልክ የማያውቅ፣ ጠዋት ማታ የሚገነባ፣ ያገኘውን ጡብ ሁሉ የሚሻማ ስግብግብ ግንበኛ ነው። እና እኔ ፑሪኑን ወስጄ ጅራት እቀጥልበታለሁ፣ ሲያዩት ጡብ ይመስላል፣ ግን ሐሰተኛ ነው። ስግብግቡ አንስቶ ሲገነባበት ቤቱ በላዩ ይናዳል አለቻት። እናትየው ቀሚሷን እየጠጋገነች ስትሰማ ቆየችና፣ «ጤነኛው ግንበኛስ ቢያነሳው?» አለቻት። ቀማሚዋ ሳቀች። «ጭንቁ እሱ ነው እኮ፣ እማዬ። አለቃችን ራሱ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅበት» አለቻት።

አለቃዋ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሠራተኞቹ በሌለበት «አቶ ድገሚው» ይሉታል። ምን ጥሩ ውጤት ይዘሽለት ብትሄጂ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያይና «ድገሚው» ነው የሚልሽ። እግዜር ዓለምን ፈጥሮ ቢያሳየው «ድገመው» ይለው ነበር እያሉ ይስቁበታል።

መቼም መድኃኒት እሠራለሁ ያለ ሰው ፍዳው ብዙ ነው። ጎረቤቱ፣ አጎቷ፣ የአጎቷ ሚስት፣ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው። «ደረሰ ወይ?» ይሏታል፣ እሳት ላይ የተጣደ ድስት ያላት ይመስል። አልደረሰም ስትል ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር ታየዋለች። እንዲህ የማትጠይቃት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፣ ታላቅ እህቷ። እታለም ነው የምትላት። እታለም በሩን ገብታ ስታያት «ደከመሽ?» ነው የምትላት፣ ሌላ ምንም የለም።

እታለም ልብስ ሰፊ ናት። አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን ትታ፣ ትንሿን እህቷን በጀርባዋ አዝላ የስፌት መኪናውን እየረገጠች ያሳደገቻት እሷ ናት። ቀማሚዋ ሥራ ስትይዝ ነጩን ጋውን የሰፋችላትም እሷው። በግራ በኩል፣ ልብ ላይ፣ ከውስጥ ትንሽዬ ኪስ አበጀችለት። «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብትላት፣ «ከረሜላ መደበቂያ። ድሮም ትሰርቂ ነበር» አለቻት።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸበትን ቀን ልንገራችሁ።

ቀማሚዋ ጅራቱን ፑሪኑ ላይ ስትቀጥል ጅራቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ አይያዝም። አብዛኛው የምትፈልገው ቦታ ላይ ይያዛል፣ ጥቂቱ ግን ወደ ጎን ሄዶ ሌላ ቦታ ይለጠፋል። ስለዚህ ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ነገር ይወለዳል። ክብደታቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፣ የጅራታቸው ቦታ ብቻ የተለያየ። ሠራተኞቹ መንትዮቹ ይሏቸዋል። ትልቋ መንትያ የምትፈለገው ናት። ትንሿ መንትያ ቆሻሻ ናት፣ ትጣላለች። ለመለየት ነጭ ዱቄት የታጨቀበት ረጅም የመስታወት ቱቦ ያቆሙና ከላይ ያፈሱታል። ከታች ጠብ ጠብ የሚለውን በትናንሽ ብልቃጥ በተራ ይቀበላሉ። መጀመሪያ ትልቋ ትወርዳለች፣ ከዚያ ሁለቱ የተቀላቀሉበት ጥቂት ብልቃጥ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ትንሿ። የተቀላቀለውን ለብቻ ያስቀምጡታል እንጂ ከንጹሁ ጋር አይደፉትም። ይህን ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የማያውቅ የለም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሠላሳ አንደኛውን ሐሰተኛ ጡብ እያወረደች ነበር። አርባ ብልቃጥ ተደርድሯል። ንጹህ መሆኑን ለማረጋገጥ ከመጀመሪያዎቹ ከአንዱ ቀንሳ ለምርመራ ላከች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። እታለም ናት። «ለሐኪም ያሳየሁት እብጠት ደህና አይደለም አሉኝ። አንቺ ግን አይዞሽ፣ ሥራሽን ጨርሺ» አለቻት። የታመመችው እሷ፣ አይዞሽ ባዩዋም እሷ።

ቀማሚዋ ስልኩን ዘጋች። እጇ ሥራ ለምዷልና ያለሷ ይሠራ ጀመር። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ አንድ ጠርሙስ ደፋቻቸው፣ ንጹሁንም የተቀላቀለውንም። ፈሳሹን አትንና ዱቄቱን በትንሽ ጠርሙስ አሸገችው፣ ቁጥሩን ለጠፈችበት፣ ሮጣ ወደ እህቷ ሄደች። ምን እንዳደረገች እንኳን አላወቀችም። ለምርመራ የሄደችው ከመጀመሪያዎቹ የተቀዳችው ናትና መልሱ «ንጹህ» ብሎ መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ከታችኛው ፎቅ የምትሠራው ሞግዚቷ ጠራቻት። ሞግዚቷ የሚሏት የካንሰር ሴሎችን በሙቀት ሣጥን ውስጥ ስለምታሳድግ ነው። ታበላቸዋለች፣ ውኃቸውን ትቀይራለች፣ እሑድም ቢሆን ትመጣለች፣ «ልጆቼ ይርባቸዋል» እያለች። ብዙ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ሴሎቹን ታሳድርና መድኃኒቱን ታንጠባጥባለች። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ቀለም ትጨምርበታለች። በሕይወት ያለ ሴል ቀለሙን ሐምራዊ ያደርገዋል፣ የሞተ ሴል ያለበት ጉድጓድ ግን ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያየችው ሐምራዊ ነበር። ያን ቀን ሰሌዳው በሠላሳ አንደኛው መስመር እስከ ዳር ድረስ ቢጫ ነው። «ልጆቼን ፈጀሻቸው» አለች ሞግዚቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እየሳቀች።

አቶ ድገሚው መነጽሩን ሰቀለ፣ አየ፣ «ድገሚው» አለ። እሺ አለች። ግን ሆስፒታል ነበረ፣ ወረፋ ነበረ፣ እህቷን ደግፎ ማስቀመጥና ማንሳት ነበረ። ሳትደግመው ቀረች። ቤት ግን ተናገረች። ደስታ መቼ አፍ ያስይዛል? «የካንሰሩን ሴል ገደለው» አለች። እናትየው መሬት ላይ ተደፍታ አመሰገነች። ይሄ ሁለተኛው ስሕተት ነበር።

በአራተኛው ወር ሐኪሞቹ የሚሰጡት ሁሉ አለቀ። «ቤቷ ወስዳችሁ አሳርፏት» አሉ። መቼም ይህችን ቃል የሰማ ያውቃታል። እታለምን የስፌት መኪናው ባለበት ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ አስተኟት። ሰውነቷ ከማለቁ የተነሳ አንሶላው ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ቀማሚዋ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እናቷ ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት።

«አለሽ አይደል?» አለቻት።

«ምኑ?»

«አትሞኚብኝ። በሽታውን የገደለው። በእጅሽ አለ።»

እማዬ፣ እሱ እኮ ሰሌዳ ላይ ነው፣ አይጥ እንኳን አልቀመሰውም አለቻት። ሰው ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ ከመሥሪያ ቤት ማውጣትም ክልክል ነው፣ ያባርሩኛል። እናትየው ክንዷን አልለቀቀችም። ሴትየዋ ጸሎተኛ ናት፣ በሕይወቷ ማንንም ስርቂ ብላ አታውቅም። «ፈጣሪ ልጄን በልጄ እጅ ሊያድናት ነው ብዬ ነበር። አንቺ ደንብ ታወሪኛለሽ?» አለቻት። ክፍሉ ውስጥ እታለም ስታቃስት ይሰማል።

ቀማሚዋ እሰጣታለሁ ብላ ቆረጠች። ግን እጇ ሥራዋን አይረሳም። ጠርሙሱን ስታወጣው ዱቄቱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ለሴል እንኳን እንዲህ ያለ ዱቄት አልሰጥም፣ ለእህቴ አይሆንም አለች። ሌላ አዲስ ሠራች። ሦስት ቀን ሙሉ ሳትቀመጥ፣ ብልቃጡን አንድ በአንድ በመብራት እያየች፣ የተጠራጠረችውን ሁሉ እየጣለች። ዱቄቱ እንደ ጨው ነጣ። ከመውሰዷ በፊት ግን ቁንጥር አድርጋ ለሞግዚቷ ሰጠቻት።

በሦስተኛው ቀን ወረደች። ሞግዚቷ እንደ ወትሮው አልቀለደችም። ሰሌዳውን ገፋ አደረገችላት። ሐምራዊ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ። ካንሰሩ ጠግቦ ተኝቷል።

«ተሳስተሽ ይሆናል» አለች ቀማሚዋ።

«ሁለቴ ነው የሠራሁት፣ እህቴ። ያንቺ ሠላሳ አንድ ምንም አይገድልም።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አታውቅም። አሮጌውን ጠርሙስ አወጣች፣ ትንሽ አሟሟችና የተቀላቀለን ነገር ለይቶ በሚያሳየው ቀጭን ሰሌዳ ላይ አንጠባጥባ በመብራቱ ሥር አየችው። ሁለት ነጥብ። አንድ ትልቅ፣ ከሥሩ አንዲት ትንሽ። ያ ጠዋት፣ ስልኩ፣ ብልቃጦቹ፣ እጇ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። ካንሰሩን የገደለችው ትልቋ አይደለችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ነሽ እያለች ወደ ማስወገጃው በርሜል የደፋቻት ትንሿ መንትያ ናት።

ቤት ስትገባ እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። «ደረሰ ወይ?» አለቻት። እናቷም እንደ ሰው ሁሉ ሆነች። ቀማሚዋ ግድግዳውን ተደግፋ ሁሉንም ነገረቻት። ንጹሁ አይሠራም፣ የሠራው ቆሻሻው ነው፣ ቆሻሻው ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም አለቻት። እናትየው የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታዲያ ቆሻሻውን ስጫት» አለች።

በማግስቱ ከአሮጌው ጠርሙስ ትንሿን ለይታ አወጣቻት። የጣት ጥፍር አትሞላም። ግማሹን ለሞግዚቷ ሰጥታ፣ በሽታው ላይ ሳይሆን ጤነኛ ሴል ላይ አድርጊልኝ አለቻት። ሞግዚቷ ዓይኗን አየቻት፣ ለምን ብላ አልጠየቀችም። «ሦስት ቀን ነው፣ ታውቂያለሽ። ላፋጥነው ብል አልችልም» አለቻት። ግማሹን በብልቃጥ አድርጋ እታለም የሰፋችላት ኪስ ውስጥ ከተተችው። ጋውኑን እንደለበሰች፣ ካፖርት ደርባበት ወጣች። በሩ ላይ ጥበቃው «ደህና ዋይ» ሲላት ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ አለፈች።

ሦስት ቀን ብላችሁ አትለፉት። ሦስት ቀን ስንት ትንፋሽ ነው? ቀማሚዋ ወንበር አስጠግታ እየቆጠረች ነበር። የመጀመሪያው ቀን እታለም ሾርባውን አልዋጠችም። በሁለተኛው ቀን ከንፈሯ ጠቆረ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ይመጣ ጀመር። እናትየው ከአልጋው ግርጌ ተንበርክካ ትጸልያለች፣ ግን ዓይኗ የሚያየው የልጇን ኪስ ነው። ከሰዓት በኋላ ላይ ጸሎቷን ጨርሳ ብርጭቆ ውኃና ማንኪያ አምጥታ ከጎኗ አስቀመጠችላት። ወጥታ በሩን ዘጋችው።

ቀማሚዋ ብልቃጡን አወጣች። ክዳኑን ፈታች። ማንኪያው ላይ ውኃ ጠብ አደረገች። ዱቄቷ በመስኮቱ ብርሃን ምንም አትመስልም፣ የተራረፈ ስኳር ነው የምትመስለው። አምላኬ፣ አንድ ቃል ተናገረኝ አለች። ስጪ ካልከኝ እሰጣለሁ፣ ተይ ካልከኝ እተዋለሁ፣ ብቻ ዝም አትበለኝ። ዝም አለ። ብልቃጡን ወደ ማንኪያው አዘነበለችው።

«ደከመሽ?» አለች እታለም።

ዓይኗን ገልጣለች። ቀማሚዋ ብልቃጡን ቀና አደረገችው። ክዳኑን መልሳ ስታጠብቅ ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። «አዎ፣ እታለም። ደክሞኛል» አለቻት። እታለምም እጇን ከአንሶላው ሥር አወጣችና የእህቷን ጉልበት መታ መታ አደረገችው፣ ሕፃን እንደሚያባብሉት፣ መልሳ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ።

በሦስተኛው ቀን ሞግዚቷ በረንዳው ላይ ወጥታ ነው የጠበቀቻት። ሰሌዳውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ቢጫ ነው። ጤነኛው ሴል በሙሉ፣ እንጥፍጣፊ ሐምራዊ ሳይቀር፣ ቢጫ። ካንሰሩን ከገደለችበት ባነሰ መጠን ጤነኛውን ጨርሳዋለች። ሞግዚቷ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። «የሰጠሽው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ተመስገን» አለች ሞግዚቷ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ።

ቀማሚዋ ግን ተመስገን ማለት አቃታት። ምኑን? እህቴን በእጄ አልገደልኩም ብላ ታመስግን? ወይስ እህቷ ያለ እሷም እየሞተች ስለሆነ ታልቅስ? መንገዱን በእግሯ ሄደችው። ሰው ገፍቷት ሲያልፍ ይቅርታ የምትለው እሷ ናት።

ስትገባ እታለም ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ያን ቀን ትንሽ ቀለል ብሏታል። እናትየው ሁሉንም ነግራታለች መሰለኝ፣ ቀማሚዋ ገና ሳትቀመጥ፣ እታለም «ኪስሽ ውስጥ ያለውን አሳዪኝ» አለቻት። ብልቃጡን አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት። እታለም ወደ መስኮቱ አቅንታ አየችው።

«ታድናለች?»

«አታድንም። በሽታውንም ትገድላለች፣ አንቺንም ትገድላለች። አንቺን ታስቀድማለች።»

እታለም ብልቃጡን መዳፏ ላይ መልሳ አኖረችው። ቀጥላ ያለችውን ቀማሚዋ እስከ ዛሬ አትረሳውም። «እኔ እኮ እየሄድኩ ነው። ምን ይቀርብኛል? ስጪኝና ይለይልኝ» አለቻት። ቀልድ አልነበረም። ስቃዩ እንዲያ አድርሷታል። ቀማሚዋ ተንበርክካ ግንባሯን አልጋው ላይ ደፋች። «በእኔ እጅ አይሆንም፣ እታለም። በዚህ እጅ አይሆንም። አዝለሽ ያሳደግሽው እጅ ነው።»

እታለም ብልቃጡን እዚያው መዳፏ ላይ አንከባለለችው። ከዚያ ወደ እህቷ እጅ መለሰችው። «ኪሱን ለከረሜላ ነበር የሰፋሁልሽ» አለች። ሳቋ ሳል ሆነና ረጅም ሰዓት አንገላታት።

እናትየው በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። የሁለቱንም ፊት ማየት አቅቷት መቃኑን ይዛ፣ «ጤነኛውስ ቢያነሳው ብዬ የጠየቅኩሽ እኔ አልነበርኩ እንዴ?» አለች። መልስም አልጠበቀች። ወደ ጓዳ ገባች፣ ከዚያ የሚሰማው ብርጭቆ የማጠብ ድምፅ ብቻ ነው። አንዷን ብርጭቆ ደጋግማ ነበር የምታጥበው።

እታለም ከዚያ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ዐረፈች። ነፍስ ይማር።

ቀማሚዋ ሥራ ስትመለስ ደብተሯን ከፈተችና የዚያን ጠዋት ገጽ አወጣች። በእነሱ ሥራ የተጻፈ አይሰረዝም፣ ከጎኑ ይጨመርበታል እንጂ። ከጎኑ ጻፈችበት። «በዚህ ቀን እህቴ መታመሟን በስልክ ነገረችኝ። የተቀላቀሉትን ብልቃጦች ከንጹሁ ጋር ደፋሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው።» ከሥሩ ደግሞ ትንሿን መንትያ ከመሥሪያ ቤት ይዛ እንደወጣችና ለሰው ሳትሰጥ እንደመለሰቻት ጻፈች። ብልቃጡን ከደብተሩ ጋር አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና እንዲያባርራት ቆማ ጠበቀች። አቶ ድገሚው መነጽሩን አልሰቀለም። ሁለት ጊዜ አነበበው። ፈረመበት። ብልቃጡን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አየና፣ «ሦስት ዓመት ጣልናት» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድገሚው። ትንሿን» አላት።

አሁን ትንሿን ነው የምትሠራው። ጤነኛው ግንበኛ እንዳያነሳት ጅራቷን አንዴ ታሳጥራለች፣ አንዴ ታስረዝማለች። ሞግዚቷ በሽታውንም ጤነኛውንም ጎን ለጎን ታሳድርላታለች። እስካሁን ወይ ሁሉም ቢጫ ነው፣ ወይ ሁሉም ሐምራዊ። አርባ ዘጠነኛው ላይ ደርሳለች። ተስፋ አላት ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ቀን ጋውኑን ስትለብስ እጇ ሳታስበው ወደ ውስጠኛው ኪስ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ ነው። እናቷ አንድ ጠዋት አጥባ ስትሰጣት ከረሜላ ከትታበት ነበር፣ አልበላችውም፣ ቀልጦ ጨርቁ ላይ ተጣበቀ።

እና የምለምናችሁ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው በሰፈራችሁ ወይ በዘመዶቻችሁ መሀል ካለ፣ መንገድ ላይ ስታገኙት «ደረሰ ወይ?» አትበሉት። አደራችሁን፣ «ደከመህ?» በሉት፣ «ደከመሽ?» በሏት።